ያልተዘጋ ትእዛዝ

ሰኞ ማለዳ ነው። ዶውሮ ጉም ለብሷል፤
ከዳገቱ ግርጌ መጋዘኑ ርሷል።
እትም ሰባት ነጥብ ሁለት አለ በቦርሳዬ፤
ውሃ እያንጠባጠብኩ ገባሁ ከነጃንጥላዬ።

ፖርቶ ውስጥ የቀረ የቁልፍ ቤት ነው፤ የበር ሳይሆን የልብስ፦
የካፖርት፣ የሸሚዝ፣ የሙሽራ ቀሚስ፣
የቀንድ፣ የዛጎል፣ የናስ።
አራት ሺህ መሳቢያ፣ ከወለል እስከ ጣራ፣
አንዳንድ ቁልፍ ግንባራቸው ላይ ለጥፈው ቆመዋል በተራ።

ግራሲንዳ አለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት
በነዚህ መሳቢያዎች መሐል የኖረች ሴት።
መነጽሯን ግንባሯ ላይ እንደ ዘውድ ሰቅላ፣
«ያምናው ሳይገባኝ» አለች፣ «ደግሞ አመጣህ ሌላ?»

«አይዞሽ» አልኳትና ጀመርኩ ዝርዝሬን፣
መስታወት ፊት ቆሜ ያጠናሁት ንግግሬን፦
«ክምችት ከዜሮ በታች ከእንግዲህ አይወርድም፤
የሌለ ዕቃ መሸጥ፣ ይኸው፣ አይፈቀድም።
ሁለት ሰው አንድ ዕቃ ቢጠይቅ ባንድ አፍታ
ለቀደመው ይያዛል፣ ያለ አንዳች ሁካታ።
ሊያልቅ የደረሰውን ራሱ ያስታውሳል፤
ሦስት ዓመት ያልተነካ፣ ሙት ተብሎ ይነሣል።»

«ሙት?» አለች።
«ሙት ክምችት። የሙያው ስም ነው።»
«ቁልፍ አይሞትም፣ ልጄ። የሚሞት ክሩ ነው።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ጫንኩት።
ሰማያዊው መስመር ሄደ በቀስታ፤
ዘጠና ዘጠኝ ላይ፣ እንደ ልማዱ፣ ጥቂት አመነታ።
እሷ ከኋላዬ የዛጎል ቁልፍ ትቆጥራለች፣
በአውራ ጣቷ፣ ሁለት ሁለት፣ ሳታይ፤ ትሰማቸዋለች።

ተከፈተ። ቀይ ነጥብ አለ ከስክሪኑ ጥግ ላይ፣
በአሮጌው ፕሮግራም ውስጥ ለዓይን የማይታይ፦

ያልተዘጋ ትእዛዝ፦ አንድ።
ኤቫሪስቶ፣ ልብስ ሰፊ፣ ላሜጎ።
የዛጎል ቁልፍ፣ ሃያ አራት። ሂሳብ ተከፍሏል።
የተላከ፦ አሥራ ዘጠኝ።
የቀረ፦ አምስት።
የቆየበት ጊዜ፦ አሥራ አራት ዓመት።

ከሥሩ ሁለት ምርጫ፤ «ሰርዝ» እና «ላክ» ይላል።
ሰርዝ ንጹሕ ነው፤ ሪፖርት ያሳምራል፤
ቀዩም ይሰወራል።
እጄ ወደዚያው ነበር፣ በልማድ፣ ሲሄድ፤
አንጓዬን ያዘችኝ፣ ሕፃን ከምድጃ እንደምታስወግድ።

«አስታወስኩት» አለች። «ያን ሰሞን መርከብ ዘግይቶ፣
ዛጎሉ አልቆብን፣ መሳቢያው ተራቁቶ፣
‹በሳምንቱ እልካለሁ› አልኩት፤ ጻፍኩት በወረቀት።
ወረቀቱ ጠፋ፤ ቀጥሎ አሮጌው ባለቤት ሞቱ፤
ቀጥሎ መጣ ያንተ መሥሪያ ቤት።»

«እሱስ አልደወለም?»
«አንድ ጊዜ። ለገና። እንኳን አደረሰሽ ሊለኝ።
ስለ ቁልፉ አላነሣም። እሱ ነው የሚከብደኝ።»

ባርኮድ ሳታነብ፣ ስክሪኔን ሳታይ፣
በእግር ጣቶቿ ቆማ፣ ከላይኛው ረድፍ ላይ
አምስት አወጣች። አንዷን መለሰቻት፤ ጠርዟ ተሸርፏል።
አምሳያ ፈለገች። ለሳንቲም ዕቃ ግማሽ ሰዓት አልፏል።

በፖስታ ከተተች፤ በእርሳስ ጻፈች፣ «ስለዘገየ ይቅርታ»።
«የቱን ልጫን?» አለች፣ ወደ ሰሌዳው ተጠግታ።
«ይኸኛውን ቁልፍ።»
ሳቀች። «ቁልፍ ይሉታል ይህን! ቀዳዳ እንኳን የለው።»
ተጫነችው ግን፣ ቀስ ብላ፣
የሌላ ሰው ካፖርት እንደሚቆልፍ ሰው።

ሐሙስ፣ ቢሮዬ ሆኜ፣ ከፈትኩት ደግሜ፤
«ደርሷል» ይላል፣ በአረንጓዴ። ብዙ አየሁት፣ ቆሜ።
ፊርማ አለ፣ አንድ ጭረት፣ ለማንበብ የሚያዳግት፤
የሱ ይሁን፣ የልጁ፣ ወይስ የጎረቤት።
ይህን የሚይዝ ዓምድ አልሠራሁም።

ለሰባት ነጥብ ሦስት አንድ ማስታወሻ ጻፍኩ፦
«ሙት የሚለው ቃል ይነሣ።»
በምን እንደምተካው ግን
እስካሁን አላወቅኩ።