ተራ ቁጥር ሰባት

በቀይ እስክሪብቶ ነው የሰረዝኳት እኔ፣
ተራ ቁጥር ሰባት፤ አልከበደች ለዓይኔ።
«የቂጥኝ መመርመሪያ፣ ለነፍሰ ጡር ሴቶች፣
ብዛት ስምንት መቶ» ከላይ ከታች ሌሎች፦
ጥጥ፣ ነዳጅ፣ ወረቀት።
ባለፈው ዓመት ነው፣ በጥር፤ ቀንስ አሉኝ፤
ቀጭኗን መረጥኩኝ፤ «ጎበዝ ነህ» ተባልኩኝ።

ኔሊዳ ታንጎአ፣ አዋላጇ፣ ዘንድሮ ቢሮዬ ገባች።
ቦት ጫማዋ ጭቃ። አልጮኸችም፤ ወንበርም አልሳበች።
«ጀልባው ላይ ና» አለች፤ «ነገ፣ ሳይነጋጋ።
ደብተርህንም ያዝ፤ ትሄዳለህ ከእኔ ጋ።»

ማራንዮን ሰፊ ነው፤ ግንድ ይዞ ይወርዳል፤
ሞተሩ ያስላል፣ ነዳጁ ይነዳል፤
እኔም አሰላለሁ፦ በሰዓት ይህን ያህል፣
ለአንዲት ሴት ይህን ያህል።

ሦስተኛው መንደር፣ ሙዙ ጥላ ሥር፣ ሴቶቹ ተሰልፈዋል።
ኔሊዳ ጣት ትይዛለች፣ ትወጋለች።
የመጀመሪያዋ ጠብታ ለኤች አይ ቪ ናት፤
እሱ በጀት አለው፣ ለጋሽ አለው፣ አልነካሁትም።
እዚያው ጣት ላይ ሌላ ጠብታ ይሞላል፣
ክብ፣ ቀይ፣ የሚጠብቅ።
በጥጥ ትጠርገዋለች።
«አየኸው?» አለችኝ።
«ጀልባው ተከፍሎበታል። መርፌው ተከፍሎበታል።
እኔም ተከፍሎኛል፣ ቢዘገይም።
የቀረችው ይህ ጠብታ የሚያርፍባት ወረቀት ብቻ ናት።
ዋጋዋን አንተ ታውቃለህ።»

ዐውቃለሁ።
ከአንዲት የደረቀች ዓሣ ታንሳለች።

ዶርካ ማኑያማ ከሁሉም ኋላ መጣች፤ ሰባተኛ ወሯ።
«ስንተኛሽ ነው?»
«ሦስተኛዬ።» ከዚያ ዝም። ከዚያ፦
«ሁለቱ አልቆዩልኝም። አንዱ ሳይተነፍስ ወጣ።
አንዷ በዘጠኝ ቀኗ፣ የመዳፏ ቆዳ እየተላጠ።
ሰዉ የወንዙን መንፈስ አማ። አማቴ እኔን።»
«ሴቷ መቼ ነበር?»
«ባለፈው ዓመት። ነሐሴ።»

መቀነስ ነው ሥራዬ።
ከነሐሴ ላይ ጥርን ቀነስኩ፤
እጄ ግን ደብተሩን አልከፈተም።

ኔሊዳ ከቦርሳዋ አንዲት ወረቀት አወጣች፤
በደሞዟ ከገዛቻቸው አሥሮች የቀረችዋን።
ሁለተኛው ጠብታ በዚህች ጣት ላይ አልተጠረገም።
ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ሕፃናት ጀልባችንን ይገፋሉ፣ ይስቃሉ።
አንድ መስመር ታየ፤
ቆይቶም፣ እንደሚያፍር እንግዳ፣ ሁለተኛው።

«ቂጥኝ?» አለች ዶርካ፣ መሬት መሬት እያየች።
«ስሙ ነው ትልቅ፤ መድኃኒቱ ትንሽ ነው።
ሦስት ሳምንት፣ ሦስት መርፌ። ባልሽም ይወጋል።»
«ግንድ ቆረጣ ነው ያለው።»
«ሲመጣ ይወጋል። አይገለውም።»
ፔኒሲሊኑ ተራ ቁጥር አሥራ አንድ ነበር፤
ለቁስል መስሎኝ የተውኩት።

ታኅሣሥ ላይ ወሬ ደረሰ፦ ሴት ናት፣ መንደሩን በጩኸት አላስተኛችም።
ደብተሬን ገለጥኩ። ገቢ አለ፣ ወጪ አለ፣
ላልተቆፈረ ጉድጓድ ግን ዓምድ የለውም።
ተራ ቁጥር ሰባትን መልሼ ጻፍኳት፣ በሰማያዊ፤
«ምክንያት» በሚለው ሥር «ርካሽ ነው» አልኩ፣
እነሱ የሚሰሙት እሱን ነውና።

በዚያ ዓመት፣ በቀዩ መስመር ሥር፣
እንደ ዶርካ ያሉ ስንት እንደነበሩ
ኔሊዳ ታውቃለች።
በየሳምንቱ ቢሮዬ ትመጣለች፣ አሁን ወንበር ትስባለች፤
እስካሁን አልጠየቅኋትም።