የሌባ ጣት ቤት

ከሂርማታ ሱቁ በባጃጅ አምጥቼ፣
ኪቶ ፉርዲሳ ላይ ከኛ ክፍል ገብቼ፣
ያባቴን ዓይን ጋረድኩ በጥቁር መነጽር፤
ከጺሙ ሰጋቱራ ይረግፍ ነበር።

ዋንዛ አየ፤ ጉማጁን፣ ከነሙሉ ቅርፊቱ።
እጁን ቢዘረጋ፣ ባዶ ነው አንጀቱ፣
ገብቶ ወዲያ ወጣ።
"ጥላ ነው" አለ ኸይረዲን፤ "ጥላ አይጠረብም፣
በርጩማ አይወጣውም፣ ገበያ አይቀርብም።"
ሳቀ። ሳቁ ውስጥ ግን አዘነልኝ መሰል፣
በርጩማ እየሸጠ ላስተማረኝ ሁሉ፣ ለሦስት ዓመት ትግል።

ጓንቱን አጠለቅኩለት።
ከተሰበረ ሞባይል የለቀምኳቸው ሞተሮች፣
የባቄላ ክክ ያህሉ፣ በየጣቱ ጫፍ ተኝተዋል፤
አንደኛዋ ብቻ ሰው የላትም።
የሌባ ጣቱን ቤት መጋዝ ካራቆታት
አሥራ አንድ ዓመት ሆናት።
ሌባ ይሏታል፤ ተሰርቃ የቀረችው ግን እሷው ናት።

ማብሪያውን ጫንኩ።
ዝዝዝ፣ ንብ ከቀፎ ወለል፣ ከሩቅ እንደሚሰማ።
ሳቁን ዋጠ አባቴ፤
ትከሻው ወረደ፣ ትንፋሹም ተስማማ።
ዳሩን ዳበሰለት፣ ማዕዘኑን፣ ጉጡን፣
ረሳው ወንበሩን፣ ረሳው ጓንቱን፤
እንደ ሱቁ ልማድ ሊያርፍ በክርኑ
ጠረጴዛው ላይ ደገፍ አለ፤

ጠረጴዛ የለም።
ብብቱን ይዤ ነው ከወለል ያተረፍኩት።

ዓይኑማ ነግሮት ነበር እንደሌለ።
ዓይን ግን ይመሰክራል እንጂ አይፈርምም፤
የሚፈርመው ጣት ነው።

"አንዴ ድገሚልኝ።"
"ምኑን?"
"ያቺን። የጠፋችውን። መጣች እኮ።"
በባዶዋ ቤት ውስጥ፣ እኔ ማጥፋት ረስቼ፣
ሞተሯ ለማንም ትንዘፈዘፍ ኖሯል።
ደገምኩለት። ሦስቴ። በአራተኛው ባትሪው ከዳኝ፤
እጁን አላወረደም፣ በር ላይ ሰው እንደሚጠብቅ
ዘርግቷት ቆየ።

ሻይ እንጠጣ ብለው እንቢ አለ።
ስንመለስ የባጃጁን ሸራ ዝናብ ይደበድበዋል፤
አራቱ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው፣
መሀል ቦታ ለቀው።
"ዋንዛሽ ግን ውሸት ነው" አለኝ አውደቱ ድልድይ ላይ፤
"ወዲህም ልስልስ፣ ወዲያም ልስልስ።
እንጨት እኮ ሲቃወሙት ይነክሳል።
ጅማ ተወልደሽ፣ እንዴት ጅማት ረሳሽ?"

ሌሊቱን ከደጁ ካነሳሁት ጉማጅ ጋር አደርኩ፣
መብራቱን አጥፍቼ፣ በሌባ ጣቴ፣
ወዲህ። ወዲያ።
አዎ፤ ወዲያ ሲሉት
ይነክሳል።