አስር ቁጥር

ከቶሪኖ ኮረብታ ጀርባ፣ ኪዬሪ፣ ጭጋግ የሚያድርባት፤
ምድር ቤት የተኛች መኪና፣ አንሶላ የለበሰች፣ አቧራ የሰፈረባት፣
ሁለት ሰው ብቻ ጫኝ፣ ጣሪያዋ እንደ ጃንጥላ እጥፍ የሚልላት።
በነሱ ስልሳ ዘጠኝ፣ በእኛ ስልሳ አንድ ስሪት፤
ሊብሬዋን አየሁና ስምንት ዓመት ቀነስኩላት፤
እሰይ፣ ደስ ይበላት።

እኔ የተቀጠርኩት ለባለቤቷ፣ ለሲኞር ኦሬስቴ ነው፤
ክኒን ልቆጥርለት፣ ገላውን ላጥበው፣ ሾርባ ላጎርሰው።
ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ ቃል ይሸሸዋል፤
ውኃ ሲጠማው «መስኮት» ይላል፤
የልጁን ስም ሲፈልግ ግድግዳ ያያል።

አንድ ከሰዓት አንሶላውን ገፍፌ ኮፋኖውን ከፈትኩ።
ምን አገባሽ አትበሉኝ፤
የሱማሌ ተራው የመርዕድ ልጅ ነኝ፤
ፊደል ሳልቆጥር በፊት ብሎን ቆጥሬያለሁ፤
ከመኪና ሥር ከወጡ እግሮች
የአባቴን በካልሲው ቀዳዳ እለያለሁ።

እንደ ልጅነቴ ጮክ ብዬ ጠራሁ፣ ጣቴን እያሳረፍኩ፤
«ካንዴላ። ስፒንትሮጅን። ካርቡራቶር። ፍሪሲዮን። ኩሽኔታ።»
ከበሩ በኩል፣ ከባለጎማው ወንበር፣
«ኩሺኔቶ» አለኝ አንድ ድምፅ። አረመኝ!
ዞር አልኩ። «ማርሚታ» አለ። «ፖምፓ። ካምቢዮ።»
ሦስት ወር ሙሉ «አዎ» ማለት ያቃተው ሰው።

ለካ የእኛ ያልኩት ቃል ሁሉ የሱ ነው፤
ዘመዶቹ ሳይጋበዙ መጥተው፣ ሲሄዱ የረሱት ዕቃ፣
እኛም በጎማ ስንጠግን፣ በሽቦ ስናስር ያቆየነው፤
ይኸው በእጄ መለስኩለት፣ ግሪስ እንደነካው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ምድር ቤት ነን።
የሚሰማ ካለ እናገራለሁ፤
ክሪክን አትመኑ፣ ክሪክ እንደ ሰካራም ዋስ ነው፤
የወለቀውን ጎማ ከሥሯ አጋድሙ፣ ቢከዳችሁ እሱ ይሸከማል።
የዛገ ብሎን በጉልበት አይፈታም፤
ዘይት አጠጡትና ውጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ተመለሱ፤
እምቢ ካለም ነገ አለ፤
ራሱ የተላጨ ብሎን ለንጉሥም አይታዘዝ።
ካንዴላ ስትነቅሉ ፊቷን አንብቡ፤
ጠይም ከሆነች ሰላም ናት፣ ጥቁር ከሆነች ነዳጅ ጠግባለች፤
ነጣ ካለች ግን ፍሩ፣ ዝም ብላ እየተቃጠለች ነው።
(እናቴ ነጣ ስትል አልገባንም ነበር።)
የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውኃ ይሰርቃል፤
ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ፣ መኪናዋ ባትንቀሳቀስም።
የፈታችሁትን በእንቁላል ካርቶን አስቀምጡ፣ በተራ፣
ሃምሳ ዓመት የሞላውን ቱቦ በጣት ጨምቁት፣
እንደ ቋንጣ ከተሰነጠቀ አትለማመጡት።

አንድ ነገር ግን ምክር የለውም፤ አስር ቁጥር ቁልፍ።
ዘጠኝ አለ፣ አስራ አንድ አለ፣ አስር የለም!
አባቴ ጋራዥም እንዲሁ ነበር፤ ሰይጣን ይወደዋል ይል ነበር።
አዲስ ገዛሁ፤ ጠፋ። ደግሞ ገዛሁ፤ ደግሞ ጠፋ።
«ሲኞር፣ አስር ቁጥር የት አለ?» ስለው
አስርን በአንዴ ማግኘት አይችልም፣ ከታች ይነሳል፤
«ኡኖ... ዱዌ... ትሬ...»
ሰባት ላይ ሞተሩ ይጠፋል፣
ዓይኑን ይጨፍናል፣ እንደገና ከአንድ።
እኔም እጄን ጠርጌ እጠብቃለሁ።

ትናንት የሌሊት ልብሱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ፣
ሦስቱም እዚያ ናቸው፤ ብረቱ በገላው ሞቋል።
ረጅም ሰዓት ቆሜ አየኋቸው፤
ማጠቢያው ውኃ ሞልቶ ፈሰሰ።

መኪናዋ እስካሁን አልተነሳችም፤
ሞተሪኖው ያቃስታል፣ ያስነጥሳል፣ ያርፋል።
ልብሱን አጠብኩ፣ ተኮስኩ፣
ቁልፎቹን ወደ ኪሱ መለስኩ፤
ቅዳሜ ጠዋት ኮፋኖው ሥር ጎንበስ ብዬ፣
ዞር ሳልል፣
«ሲኞር ኦሬስቴ፣ ያ አስር ቁጥር ደግሞ የት ገባ?» አልኩ።