የምስጥ ድርሻ

ሞተረኛ ነኝ እኔ፣ ሥራዬ ማድረስ ነው፤
ዶሮም ይሁን ጣውላ፣ ሙሽራም ትሁን ጋዝ፣ የመጣውን ሁሉ የምጭነው።
ያን ዕለት ማታ ግን ዴልሚራ ሱርቢን
ከነቼሎዋ አፈናጠጥኳት፤
ሣጥኑ ከእሷ ይረዝማል፣ እንደ ሰከረ አጎት
በጀርባዋ አሳዘልኳት።

እስከ ሳን ኢልዴፎንሶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር፣ ቀይ ጭቃ፣
ሦስት ድልድይ፣ አንዱ ለስሙ ብቻ ድልድይ ተብሎ የሚጠራ፤
«ቀስ በል ፋኩንዶ፣ ክሩ ይላላብኛል!» ትላለች፤
እኔ ስለ ፍሬኔ ነበር የምፈራ።

«ሂሳብህን ስወጣ» ብላኝ ገባች፣ ጭቃዋን በሣሩ ጠርጋ፤
እኔም ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከእንጨቱ ምሰሶ ተደገፍኩ፣
የሠላሳ ኪሎ ሜትር ዋጋ ፍለጋ።
ሞተሬን አላጠፋኋትም። ማስነሻዋ ከተሰበረ ሰንብቷል፤
አንዴ ከተኛች የሚቀሰቅሳት ቁልቁለት ነው፣
ቁልቁለት ደግሞ እዚህ አገር የታል?

ውስጡ ጢም ብሏል። ጥንዚዛ ከአምፖሉ ይላተማል፤
አሮጊቶቹ በፕሮግራሙ ወረቀት ፊታቸውን ያራግባሉ።
ከመዘምራኑ ግማሹን አድርሻቸዋለሁ፤
ያ ወፍራም ድምፁ የሥጋ ቤቱ ልጅ ነው፣
የሁለት ጉዞ ዕዳ አለበት፣
ዛሬ ግን እንደ ጻድቅ ነጭ ለብሶ ቆሟል፣ ማን ይጠይቀው?

ላቲን አላውቅም። ዶን ክሪሳንቶም አያውቅም፤
ግን ቅድመ አያቱ የገለበጡትን ቅጠል
በቆዳ ሣጥን ከጣራው ሥር ጠብቆ ኖሯል።
ካህናቱን ንጉሥ አባረራቸው፣ ሄዱ።
ዘማሪዎቹ አልሄዱም፤ ወዴትስ ይሂዱ?
ወረቀቱም ቀረ። ምስጥ ብቻ አገኘው፣
ሁለት ቦታ ላይ ጡጫ የሚያህል በላው።

ማኤስትራ ኦዲልያ ሳትጀምር ተናገረች፦
«እዚህ ቀዳዳ አለ። ሌሎች ከልባቸው አውጥተው ይሞሉታል፤
እኛ አንሞላም። ይሄ የምስጥ ድርሻ ነው፤
የበላውን ያህል ዝም ብለን፣ ከተረፈው እንቀጥላለን።»

ጀመሩ።
ቀጭኖቹ አንዲት ቃል ወረወሩ፤ ወፍራሞቹ ቀለቧት፤
ግንበኞች ጡብ ሲቀባበሉ አይታችኋል?
አንዱ እጁን ሳይሰበስብ ሌላው ይዘረጋል፤
ማን መቼ እንደገነበው አታዩም፣
ቀና ስትሉ ግን ግድግዳው ጣራ ደርሷል።
ዴልሚራም ከሥር ናት።
ያ እንደ ሰካራም ያጓጓዝኩት ሣጥን
ወለሉ ኖሯል ለካ፣ ሁሉም የቆመበት።

ከዚያ ቀዳዳው መጣ።
የማኤስትራዋ እጅ አየር ላይ ቆመ፣ አርባ አፍ እንደተከፈተ ቀረ፤
እና
ዱክ ዱክ ዱክ
ሞተሬ!
ምስጥ በዘመናት በቆፈረው ጸጥታ ውስጥ
የኔ ጉድ ጭሷን እያነጠሰች፣
ብቻዋን አዜመች።
ምእመኑ ሁሉ ዞረ። ዶን ክሪሳንቶም ዞረ።
አንዲት ሕፃን ሳቀች።

እጇ ወረደ፣ ዜማው ተነሣ።
ሁለተኛው ቀዳዳ ግን ከፊት ነው፣ አልረሳ።
ወደ ሞተሬ ሄድኩ፤ ጣቴን ቁልፉ ላይ አኖርኩ፤
ጭቃውን አሰብኩ፣ ሦስቱን ድልድይ፣
ያን መጨረሻ የሌለውን ሜዳ፣ በእግር፣ በሌሊት፤
አጠፋኋት።

ሁለተኛው ሲመጣ የሩቅ እንቁራሪት ተሰማ፤
ደግሞም ከአናታችን፣ ከወራጁ እንጨት ውስጥ፣
ቀስ ብሎ የሚቆረጥም፤
ያው ባለ ድርሻው ይሁን አይሁን አልምልም።

«ሞተርህስ?» አለችኝ ስትወጣ።
«ተኝታለች።»
ቼሎውን እንደ ባለ ሥልጣን ኮርቻው ላይ አስቀመጥነው፤
እኔ መሪውን ይዤ እስባለሁ፣ እሷ ጫማዋን አውልቃ ትገፋለች።
ሂሳቡን ግማሽ ሰጠችኝ፣ «ግማሹን ገፍቼዋለሁ» ብላ፤ ምን እላለሁ?
ጨረቃ የለም። እያንጎራጎረች ያን የጡብ ቅብብል፣
ቀዳዳው ጋ ስትደርስ ዝም አለች፣ እጇንም አነሣች፤
ሞተሯ ወደ ኋላ ተንሸራታ ጉልበቴን አለችኝ።
«ዴልሚራ፣ ለዜማው ይሁን፣ እኔም ዝም እላለሁ፤
ለሞተሯ ግን
ግፊ!»