ሦስተኛ ፎቅ፣ ከቆርቆሮው መደብር በላይ

ደሴ፣ ከፒያሳ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣
ሕንፃ አለ ጎኑን ወደ ጦሳ ጥሎ፤
ምድሩ ቆርቆሮ ቤት፣ ሚስማርና ሽቦ፣
ሁለተኛው ባዶ፣ ሆቴል ሊሆን ታስቦ፤
ሦስተኛው ላይ እኛ፤
አርባ ሦስት ተማሪ፣ አሥራ አንድ በርጩማ፣
አንድ የጂብሰም ራስ፣ ጆሮ አልባ፣ የማይሰማ።
ታድሎ!
እኛማ እንሰማለን፤ መዶሻው ሲመታ ውሎ
መስመራችን ሁሉ ይንቀጠቀጣል አብሮ።

በብሮሹሩ ላይ ያለው ሕንፃ ሌላ ነበር።
«ወደፊት እዚያ ነን» አለ ዲኑ፣ ጣቱን ወደ ጦሳ ቀስሮ፤
ጦሳ የለም፤ ጉም ውጦታል ከጠዋት ጀምሮ።

እናቴ የከፈለችው ጉትቻዋን ሸጣ ነው፣
ወረኢሉ ገበያ መሐል፣ ቆማ ነው ያወለቀችው።
«ሥዕል ይበላል ወይ?» አላለችም።
«ስትጨርስ» አለች፣ «ከነጉትቻዬ ሣለኝ።»

የወር ክፍያ በአምስት፣ ቅጣቱ በስድስተኛው ቀን፤
ቀለም አልቋል፣ ሸራ ይመጣል፤ ደረሰኝ ብቻ አላለቀብን።
ቀዩን ከጡብ ፈጨን፣ ቡናማውን ከሻይ ቅጠል፤
ጥቁሩስ ችግር የለም፣ ሞልቷል ያገር ከሰል።
ሰማያዊ ግን ከየት? አረቡ እስክሪብቶ ሰብራ
አንድ ሰማይ ወጣላት፤ ጣቷ ሳምንት ሙሉ አልጠራ።

መምህር አስረስ፣ አራት ወር ደሞዝ ሳያይ፣
ከሰኞ ገበያ በእግሩ መጥቶ፣ መስኮት ከፍቶ እንድናይ፣
«ጥላ ጥቁር አይደለም» ይላል፣ «ያን ግድግዳ እዩት፤
ወይን ጠጅ አለበት። ስለቸኮላችሁ ነው ያጣችሁት።»
ምሳ እንዳልበላ ከንፈሩ ይናገራል።
ያን ቀን ግድግዳ አየሁ፤
በሃያ ዓመቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሞዴል መቅጠር አይታሰብም። ስለዚህ ዘበኛው፣
ጋሽ ይማም፣ ጥምጣሙን አቅንቶ፣ ካፖርቱን ቆልፎ፣
ብረት ወንበሩ ላይ ይቀመጥልናል ዱላውን ታቅፎ።
ግን አያርፍም። በር በተንኳኳ ቁጥር
ይነሣል፣ ይወርዳል፤ አከራዩ ነው፣ ወይ ሌላ አበዳሪ።
«ዲኑ ኮምቦልቻ ወርዷል፤ ወላሂ፣ እኔ ምን አውቄ!»
ዲኑ እኛው ክፍል ነው፣ ከሸራ ማቆሚያ ጀርባ፣
አቀርቅሮ፣ ስልኩን አጥፍቶ፣ አየር ሳያስገባ።
ጋሽ ይማም ሲመለስ አገጩ ሌላ ቦታ ነው።
«አብሽሩ፤ የት ነበርኩ?» ይለናል።
በአርባ ሦስት ወረቀት ላይ፣ አርባ ሦስት ይማም፣
ዓይናቸው በር በር ያያል፤ አንዱም እኛን አያይም።

ግንቦት ላይ በሩ ወረቀት ለበሰ፦ «ፈቃዱ አልታደሰም።»
ሬጅስትራሯ ውጤታችንን በብስኩት ካርቶን ይዛ
«ለጊዜው ነው» አለች፤ ታክሲ ጠርታ ሄደች።
አረቡ ጣቷን አየች።
«ይኸን ሁሉ ብር፣ ለአንድ ሰማይ!»
ሳቅን። ደረጃው ላይ ተቀምጠን ብዙ ሳቅን።

ሙሄ አሁን ፎቶ ቤት ነው፤ የሙሽራ ብጉር ያጠፋል።
አረቡ ሐይቅ ገብታለች፤ ሱቅ ከፈተች ይባላል።
እኔ የባጃጅ ጀርባ ላይ አንበሳና ንስር እሥላለሁ፤
ጥላውን ወይን ጠጅ ስቀባ «ቆሸሸብህ» ይለኛል ሹፌሩ።
እናቴን እስከ ዛሬ አልሣልኳት።
ጉትቻዋ ምን ይመስል እንደነበር
ልጠይቃት እፈራለሁ።

ባለፈው በዚያ ሳልፍ ጋሽ ይማም አሁንም በሩ ላይ ነው፣
ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ የሰባት ወር ደሞዙን እየጠበቀ።
«ቁልፉን ካስረከብኩ በኋላ ማን ያውቀኛል?» አለኝ።
የሲሚንቶ ከረጢት ቀደድኩ፤ ከሰል ከኪሴ አወጣሁ።
ተቀመጠልኝ።
አንድ ሰዓት ሙሉ ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀ።
የሚያንኳኳ የለማ።
በሩን ትቶ እኔን ያይ ጀመር።
ቆርቆሮው ሲቀጠቀጥ እጄ ይንቀጠቀጣል፤
ወይም በቆርቆሮው አሳበብኩ።
«ጨረስክ ወይ?» አለኝ።
«ትንሽ ነው የቀረኝ።»
የቀረኝ ዓይኑ ነበር።