ጥንስስ በአስራ አንድ ዲግሪ

በደቡብ ደሴት፣ በደኒደን፣ ሐምሌ አጥንት ይፍቃል፤
ቤቱ የእንጨት ነው፤ መስኮቱ ያፏጫል፤
ከውጭም ከውስጥም አንድ ነፋስ ይነፍሳል።

እኔ ፌኔላ ነኝ፣ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ፣
ለማላውቀው ሰው ሁሉ ትኩስ አንሶላ አቅራቢ፤
ለራሴ ያለኝ ግን አንዲት ማሞቂያ ናት፣
የመብራት ቆጣሪ ዘወትር የሚያስፈራራት።

በርሜል ገዛሁ፣ ነጭ፣ ሃያ ሦስት ሊትር፣
ከጣሳ ብቅል ጋር፣ ከአንድ ገጽ ምክር፦
«ስኳሩን አሟሚ፣ ውሃውን ሙዪ፣
እርሾውን በትኚ፣ ክደኚና ቆዪ፤
በአንድ ቀን ውስጥ ሲፈላ ታያለሽ» ይላል።
ወረቀት ምን አለበት? ብርድ መች ያውቃል?

እጄን ታጠብኩ ሁለቴ፤ ማማሰያውን ቀቀልኩ፤
ሁሉን እንደተጻፈው፣ አንድም ሳላጎድል አደረግኩ፤
በርሜሉን ከደረጃው ሥር፣ ከመጥረጊያው ጎን አኖርኩ።
በክዳኑ አናት ላይ ውሃ የጎረሰች ቧንቧ፤
ጋዝ ሲያልፍባት «ብሉቅ» ነው፣ ሌላ የላትም ቋንቋ።

ሰኞ፦ ምንም።
ማክሰኞ፦ ምንም።
ረቡዕ ማታ ባትሪ ይዤ ገባሁ፣ ከፊቱ ተቀመጥኩ፤
እንደ ፖሊስ መረመርኩት፤ ኋላም ራሴን መረመርኩ፦
እርሾውን ስበትን ብቅሉ ገና ትኩስ ነበር ይሆን?
እልፍ ነፍስ ፈጀሁ ይሆን፣ አንዲት ጩኸት ሳልሰማ እንኳን?
ወይስ ፓኬቱ አርጅቶ፣ ከሱቁ መስኮት ፀሐይ የመታው?
ቀኑን ፈለግሁት፤ ታትሞ ነበር፤ የጣቴ ርጥበት ግን አጠፋው።

ታማቲን ጠራሁት።
ጎረቤቴ ነው፤ ባቡር ጋራዥ ውስጥ አርባ ዓመት የሠራ፣
ብረት ሲያቃስት በጆሮው የሚያውቅ፣ ሳይጠየቅ የማያወራ።
መዳፉን በርሜሉ ላይ ጣለ፤ እንደ ሕፃን ግንባር ዳሰሰው።
«ፌኔላ፣ ይሄ አልሞተም፤ በርዶት ነው እንጂ። እዪ፣ አስራ አንድ ዲግሪ ነው።
አንቺስ በዚህ ብርድ ሥራ ትሠሪያለሽ? ተኝቷል፤ አልጋ ስጪው።»

ቀልድ ነበር። ግን ቤቱን ሁሉ ብዞር፣
ሙቅ ቦታ አጣሁ፣ በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ከሚሞቀው አልጋዬ በቀር።
ተሸከምኩት፤ ደረጃው ላይ ሁለቴ አርፌ፤
ዓመታት ማንም ባልተኛበት በግራው ጎን አቆምኩት፣ በትራስ ደግፌ።

ሦስት ሌሊት ጎን ለጎን አደርን።
እኔ ስገላበጥ እሱ ይንቦጫረቃል፤ ሌላ ግን አልተነጋገርን።
ቧንቧዋም ጭጭ።
ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ብቅል ግን ይነቅዛል ብዬ
በአራተኛው ቀን ልደፋው ተነሣሁ፣ ታማቲን አስከትዬ።

እሱ ክዳኑን ከፈተ። ሳቀ። «ነይ፣ እዪ።»
ገፈቱ ወጥቶ ወርዶ፣ በበርሜሉ ዙሪያ ደርቆ ተለጥፎ ነበር፤
ሽታው ዳቦ፣ ሽታው ፖም፤ ከክዳኑ ከንፈር
የላስቲኩ ቀለበት የለም። ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ፣ ከነማሸጊያው አለ!
ጋዙም ሦስት ሌሊት በጎን እየሾለከ፣ ቧንቧዋን ዘለለ።
ዝም ያለው አፉ ነበር እንጂ፣ ሆዱ አልነበረም።

ታማቲ ከኪሱ ሃይድሮሜትር አወጣ፤ በብርጭቆ ቢራ ውስጥ ለቀቀው፤
ዋለለ፣ ወረደ፣ ተረጋጋ፦ አንድ ሺህ አስራ ሁለት።
«ለጆሮሽ አትመኚ፤ ለዚህ እንጂ። ነገም ይህንኑ ካለ፣ አለቀለት።»
«አለቀለት?» አልኩ ደንግጬ።
«አለቀ ማለቴ ነው። ቢራ ሆነ።»

በመስከረም ጠጣነው፣ ካፖርታችንን ሳናወልቅ፣ ደጃፍ ላይ።
ትንሽ ፖም ፖም ይላል፤ ትንሽም፣ እውነት ለመናገር፣ ጨርቅ።
«ገፈት ቀማሼ አንተ ነህ» አልኩት።
ከንፈሩን ጠረገ፤ ባዶ ብርጭቆውን ዘረጋልኝ።

ደብተሬ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦
«ሁለተኛ ጥንስስ፦ በየካቲት፣ በበጋ።
ላስቲኩን አትርሺ።
አንሶላው ይታጠብ።»
ላስቲኩን ክዳኑ ላይ አስገብቻለሁ፤
አንሶላውን ግን፣ እኔ ልብስ አጣቢዋ፣
እስካሁን አላጠብኩትም።