በሽፋሽፍት መስገድ

ከመስኮቱ ሥር ነው የሰጡኝ አልጋ፤
ግራ እግሬ ተሰቅሏል፥ አጥንቴ እንዲጠጋ፤
በገመዱ ጫፍ ላይ ብረት፥ አምስት ኪሎ፥
ሌት ተቀን ይስበኛል ቁልቁል ተንጠልጥሎ።
መስኮቱ አቧራ ነው። መዳፌን ይበላኛል፤
ከመስኮት ወድቄም መስኮት ያሳስበኛል።
ከአቧራው ወዲያ ሳልሚያ፥ ከሳልሚያ ወዲያ ባሕር፥
እንደ ቀለጠ እርሳስ የሚብለጨለጭ በሐሩር።

እንግዳ ነበረ ማታ። እመቤቴ ቸኩላ
«ያላ! ያላ!» ትላለች፥ ከሥር ቆማ፥ ከኋላ።
መሰላሉ አጭር ነው፤ እኔም አጭር ነኝ፤
ወደ ላይኛው ጥግ ስንጠራራ በጨርቄ፥
አየር ብቻ ቀረ የሚደግፈኝ።
ከዚያ ወዲያ አላውቅም ስለ መውደቄ።

ለእማዬ አልነገርኩም። በኢሞ ስትደውል
ካሜራውን ዘጋሁ፥ «ኔትወርክ የለም» ብዬ፤
«ድምፅሽ ሰለለብኝ፥ ወለላ» ስትለኝ
«ጾሙ ነው» አልኳት፥ «ጾሙ ነው፥ እማዬ።»
የተበደርነውን ደላላው በልቶታል፤
በሬያችን በሰው በረት በመያዣ ቆሟል።
አሠሪን እዚህ አገር «ከፊል» ነው የሚሉት፤
የአራት ወር ደሞዜን
ከፊሉን እንኳ ሳይከፍል፥ በምን ስሙን አወጡለት?

ዛሬ ስቅለት ነው።
ጣቴን እያጠፍኩ ስቆጥር ሰንብቼ
ደርሼበታለሁ፥ በጀርባዬ ተኝቼ።
የሀገሬ ሰው ይኼኔ ግንባሩን አፈር ነክቶት፥
ጉልበቱ ተልጦ፥ ላቡ ነጠላውን አርሶት፥
የካህኑን ወይራ ይጠብቃል በጀርባው።
እኔ፥ ጎኔን ለማዞር እንኳ ሰው ደጅ የምጠናው፥
በምኔ ልስገድ?

በሽፋሽፍቴ ሰገድኩ።
ከደንኩ፦ አንድ። ገለጥኩ። ከደንኩ፦ ሁለት።
ላየኝ ሰው፥ እንቅልፍ የመጣባት ሴት።
አርባ ላይ እንባ መጣ፥ ቁጥሩም ተደፋ።
«ጣልከኝ አልልህም» አልኩት፥ «በሐሰት አልከስህም፤
መሰላል ነው ያጠረው፥ ሰው ነው የቸኮለው፥ አንተን አልወቅስህም።
ስወድቅ ግን፥ ጌታዬ፥ እጅህ የት ጠፋ?»

መልስ የለም። የብረቱ ሲጢጥታ ብቻ።
ከዚያ ትዝ አለኝ፦ ዛሬ ዓርብ ነው።
እጁ እንጨት ላይ ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ የማታዋ ነርስ መጣች፥
ሊሲ የሚሏት፥ የኬረላ ሰው፤
«እግዚኦ» ስል ሰምታ በሩ ላይ ቆመች።
«ኩሪየላይሶን?» አለች።
«ኪርያላይሶን» አልኩ።
አማርኛዬን አታውቅ፤ የሷን ማላያላም አላውቅ፤
የሁለታችንም ያልሆነ አንድ ቃል አገናኘን ከሩቅ።
በሞባይሏ ቀን መቁጠሪያ በጣቷ አሳየችኝ፦
የነሱ ፋሲካ አልፏል፥ ባለፈው እሑድ ነበር።
ወደ ስቅለቴ የገባችው
ትንሣኤ ቀድሞ ከነጋበት ሰፈር።

ስለ ብረቱ በምልክት ጠየቅኳት።
ሁለት ጣቶቿን አደራርባ፥ ቀስ አድርጋ ሳበቻቸው፥
ጫፍ ለጫፍ እስኪገናኙ።
ካልተሳበ ተጣሞ ይገጥማል ማለቷ ነው።
ክብደት ሁሉ በጎ ነው አልልም፤
የዕዳው ክብደት አላቃናኝም።
ይኼኛው ግን በሚያውቅ እጅ ታስሯል፤
ልኩን፥ የሚፈታበትን ቀን፥ ያሰረው ያውቃል።

ስትወጣ፥ በአልጋዎቹ መሐል፥
በነጭ የላስቲክ ጫማዋ፥
ሰገደች። አንዴ ብቻ። ወለሉን ነካው ግንባሯ።

ደሞዜ አልመጣም።
በሬው ከሰው በረት አልወጣም።
መብራቱ ጠፋ። ዓይኔን ከደንኩ፦
አርባ አንድ።